የሥራ ግንኙነት ብቻ

ልዑልቃል «አላውቃትም» ቢል ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ተነሣ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እያየ፣ «ከወይዘሮ ብርሃንነሽ ጋር ያለኝ ግንኙነት የሥራ ግንኙነት ብቻ ነው» አለ።

ብርሃንነሽ እኔ ነኝ።

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ጅማ አጠገብ ያለውን የየቡ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይመታዋል። ግምገማ ላይ ነበርን። ያኔ ግምገማ የሌለበት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰብና መጀመሪያ እያንዳንዱ ራሱን ይተቻል፣ ግለ ሂስ ይሉታል፣ ከዚያ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይዘለዝላል። የዚያን ቀን አጀንዳዋ እኔ ነበርኩ፤ የጣቢያው ኃላፊ ልሁን ወይስ አልሁን።

ከዚያ በፊት ዓመታት ያለፉኝ በተጠባባቂነት ነው። ቡናው ሊቀላ ሲል ከጅማ አንድ ወንድ ይልኩልኛል። እሸቱን እንዴት እንደምንረከብ፣ የተፈለፈለው ቡና ገንዳ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ መቼ እንደሚሸፈን አሳየዋለሁ። ሲለምድ ዕድገት አግኝቶ ይሄዳል። እኔ እንደገና ተጠባባቂ እሆናለሁ፣ ሌላ ወንድ ይመጣል። በዚያ ዓመት ግን ለውድድር ተመዘገብኩ። ለቃለ መጠይቅ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ «ልጅሽ ስትታመም ሥራውን ማን ይሸፍንልሻል?» የሚል ነበር። ከእኔ ቀጥሎ የገባው የጣቢያችን ሠራተኛ ገበየሁ የአምስት ልጆች አባት ነው። እሱን የጠየቁት ስለ ቡና ነው።

በግምገማው ላይ እጁን ያወጣውም ይኸው ገበየሁ ነው።

«እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ይህች ሴት ለቦታው የታጨችው በሥራዋ ነው ወይስ የጥራት ባለሙያው ስለሚወዳት?»

ከኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ከጅማ ዋና ቢሮ መጥተው ስብሰባውን የሚመሩት አቶ ደበበ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ወደ ልዑልቃል ዞሩ። የጥራት ባለሙያው እሱ ነውና። እሱም ያን ቃል ተናገረ። ተናግሮ ቢቀመጥ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። አልተቀመጠም።

«እንዲያውም ድክመት አለባት» ሲል ቀጠለ። «ትፈራለች። ነገር ሁሉ የሚበላሽ ይመስላታል፤ በዚያ ምክንያት ውሳኔ ላይ ትዘገያለች። ቢሆንም ለቦታው ትበቃለች።»

አቶ ደበበ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ አድርጎ የሚተቻት ሰው ሊወዳት አይችልም ብለው ነው መሰለኝ። ድምፅ ተሰጠ፣ አጨበጨቡልኝ፣ ኃላፊ ሆንኩ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

መፍራቴን ማንም አያውቅም ነበር። የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው።

*

ልዑልቃል ማክሰኞና ዓርብ ከጅማ በሞተር ይመጣ ነበር። አልጋዎቹ መካከል ያልፍና ከተሰጣው ቡና እፍኝ ያነሣል፣ በመዳፎቹ መካከል ያሸዋል፣ እፍ ይልበታል፣ ያሸተዋል። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ይዘረጋል። «እስቲ እርስዎም ያሽትቱት።» ጎንበስ ብዬ የማሸተው ቡናውን ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ሰው ሲኖር «እርስዎ» ነኝ፤ ከመጨረሻው አልጋ ወዲያ፣ ከግራቪላው ዛፍ ጀርባ ስንደርስ «አንቺ» እሆናለሁ፣ ቀጥሎም «ብርሃኔ»።

ባሌን የወሰደብኝ የአጋሮ መንገድ ነው። የጫነው መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ፣ ልጄ መቅዲ ገና ትድህ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚዘገይ ሰው ሁሉ ለእኔ የሞተ ሰው ነው። ልዑልቃል ትንሽ ከቆየ በልቤ አስክሬኑን አንሥቼ፣ እናቱን አርድቼ፣ ቀብሬው እጠብቀዋለሁ።

«ዛሬም ቀበርሽኝ?» ይለኛል ሞተሩን እያጠፋ።

«ሰልስትህ ላይ ደርሼ ነበር።»

«ንፍሮው እንዴት ነበር?»

«ጨው አንሶታል።»

እንዲህ እያለ ያስቀኛል። ስስቅ ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ፤ ደስታዬን ያየ ነገር ሁሉ ሊነጥቀኝ የሚመጣ ይመስለኛል።

ክረምቱ ሳይገባ፣ «ሽማግሌ ልላክ?» ብሎኝ ነበር። ልቤ እሺ እያለ አፌ «ቆይ» አለ። የድርጅቱን ልማድ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለት ሠራተኞች ከተጋቡ አንድ ሰው ይለቃል። ማን እንደሚለቅ የተጻፈ ነገር የለም፤ የምትለቀው ግን ሁልጊዜ ሴቷ ናት። የአጋሮው ጣቢያ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሾፌሩን አገባች፣ ሠርጓ ባለፈ ሳምንት ቁልፉን አስረከበች። ዛሬ አጋሮ ገበያ ቲማቲም ትቸረችራለች። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ይነዳል።

ስለዚህ በግምገማው ላይ ለምን እንደካደኝ አእምሮዬ ገብቶታል። አዎ ቢል ኖሮ ቦታው የገበየሁ ነበር። ግን ልብ መቼ አእምሮን ይሰማል? በጆሮዬ የቀረው «ትፈራለች» ያለው ነው። ግራቪላው ሥር እያለቀስኩ የነገርኩትን ምሥጢር በሰው ሁሉ ፊት ተናገረብኝ።

ከስብሰባው ስወጣ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ዝናቡ ጃኬቱን አርሶታል።

«ብርሃኔ፣ ስሚኝማ …»

«ወይዘሮ ብርሃንነሽ ነው የምባለው፣ አቶ ልዑልቃል። አሁን ሲናገሩ ሰምቻለሁ።»

ሞተሩን አስነሣ። ጭቃው ውስጥ ጎማው እየተንሸራተተ ሲሄድ እንደ ወትሮው «ቀስ በል» ልለው ፈለግሁ፤ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

*

መስከረም ጠባ፣ ቡናው ቀላ፣ እሱ ግን አልመጣም። ራሱ ጠይቆ ወደ ጌራ በኩል ያሉትን ጣቢያዎች እንደወሰደ ሰማሁ። በእሱ ፈንታ ሌላ ባለሙያ ተመደበ፤ ደህና ሰው ነው፣ ቡናውን ያሸታል፣ እጁን አይዘረጋም።

ከልዑልቃል የሚደርሰኝ የሥራ ደብዳቤ ብቻ ሆነ። «የእርጥበት መጠኑን ሪፖርት በአስቸኳይ እንድትልኩልን እንጠይቃለን።» ከታች ደግሞ እንደማንኛውም ደብዳቤ «ከሰላምታ ጋር» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማው አለ። አንዲት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ልጅ የወለደች ሴት «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን ቃል አልጋዋ ላይ ተኝታ ደጋግማ ታነባለች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ሲፈርም ብዕሩን ጫን አድርጎት እንደሆነ፣ ትንሽ ቆም ብሎ እንደሆነ ወረቀቱን ገልብጬ በጣቴ እዳስሳለሁ። እኔም መልስ እጽፋለሁ። «ሪፖርቱን አያይዘን የላክን መሆኑን እናስታውቃለን። ከሰላምታ ጋር።» ያቺን የመጨረሻዋን ቀስ ብዬ፣ አሳምሬ እጽፋታለሁ።

ኃላፊነቱም ቢሆን ኃላፊነት ነው ለማለት ያስቸግር ነበር። ለስብሰባ ስንሄድ ሾፌሩ ጋቢናውን የሚከፍተው ለገበየሁ ነው፤ እኔ ከኋላ ከማዳበሪያ ጆንያው ጋር። እሸት ሊያስረክብ የመጣ ነጋዴ ቢሮዬ ገብቶ፣ «እህቴ፣ አለቃው የታሉ?» ይለኛል። «እኔ ነኝ» ስለው ይስቃል፤ እየቀለድኩ መስሎት ነው።

ግን ሴቶቹ ነበሩ። ከጠዋት እስከ ማታ አልጋው ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች።

«አለቃ!» ትለኛለች ፈድሊያ ሩቅ ሆና። ከለቃሚዎቹ ሁሉ ምላሷ ስለት ያለው እሷ ናት። «አለቃ ሲኮን ፈገግታ ይከለከላል እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ልቀሚ።»

«እየለቀምኩ ነው። እጄ ነው የተቀጠረው፣ አፌ ሥራ ፈት ነው። ያ ሰውዬሽ ጠፋ አይደል?»

«የምን ሰውዬ?»

«ወላሂ አታሹፊብኝ! ማክሰኞና ዓርብ ነጠላሽን የምትቀይሪው ለማን ነበር? ለቡናው?»

ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ሳቁ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ከአጋሮ የመጡ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። እናቱ ጅማ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ አይደሉ? ልጃገረድ አጭተውለታል አሉ። ያላገባች፣ ያልወለደች።»

ከአልጋው አንድ የተበላሸ ፍሬ ለቅሜ ጣልኩ።

«ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል» አለች ፈድሊያ፣ ክንዴን ነካ አድርጋ። ያኔ ነው ነጠላዋ ሆዷ ላይ ከወትሮው ሰፋ ተደርጎ መታሰሩን ያየሁት። ሰረቅ አድርጋ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ያለው ቀልድ ጠፋ። እርግዝናዋ የታወቀባት ለቃሚ ለቀጣዩ ወቅት አትጠራም። ይህም ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። ሴቶቹ እስከ ምጥ ቀን ሆዳቸውን አስረው ይቆማሉ።

«ከነገ ጀምሮ ዳሱ ሥር ተቀምጠሽ ትለቅሚያለሽ» አልኳት። «ከወለድሽ በኋላም ቦታሽ አለ።»

«ገበየሁ ቢሾም ኖሮ ዛሬ ቤቴ ነበርኩ» አለች ዓይኗን ፍሬው ላይ ጥላ። «አላህ ይህን ወንበር እንዳይነሣሽ፣ ብርሃኔ።»

ብርሃኔ አለችኝ። ከእሱ በቀር እንዲህ ብሎ የጠራኝ አልነበረም። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱን ያስከፈለኝ ወንበር ላይ፤ ልለቀውም አልቻልኩም፣ ሊመቸኝም አልቻለም።

*

ጥር ላይ የመቅዲ የትምህርት ቤት ልብስ ክርኑ ላይ ተቀደደ። ይዣት ጅማ ወረድኩ። ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ስንት የጨርቅ ሱቅ አለ! በባጃጅና በጋሪ መካከል መቅዲን እየጎተትኩ፣ አንዱን ሱቅ እያለፍኩ ሌላውን እያለፍኩ፣ እግሬ የወሰደኝ የወይዘሮ አሰገደች ሱቅ ነው። የልዑልቃል እናት ናቸው። አይተውኝ አያውቁም። ቢያንስ የታጨችለትን ልጅ ወሬ ሰምቼ ቁርጤን ልወቅ አልኩ። ክፉ ወሬ ከመጠበቅ ክፉ ወሬ መስማት ይሻላል።

ሰማያዊውን ጨርቅ አወረዱልኝ። ሜትሩን አንገታቸው ላይ አድርገው መቅዲን እያዟዟሩ ይለካሉ።

«አንድ ናት?»

«አንድ ናት፣ እማማ።»

«አንድም ቢሆን ልጅ ጭንቅ ነው። የእኔው ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ አሁንም እንቅልፍ አልሰጠኝም።»

«አሟቸው ነው?» ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ቢያመውማ አሳክመው ነበር። ጌራ ጫካ ገብቶ ቀረብኝ እንጂ! ስንት ጨዋ ልጅ አሳየሁት፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝና፣ ‹እማዬ፣ በአፌ ያበላሸሁት ነገር አለ› ይለኛል። ምን እንደሆነ አይነግረኝ።» መቀሱን አነሡ። «አንዲት ባል የሞተባት ናት አሉ። ልጅም አላት። እስቲ አንቺ ፍረጅ፤ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ሜዳ ሙሉ ልጃገረድ እያለ?»

«እሷም … ልጇን የምታሳድግ ምስኪን ትሆናለች።»

«ታሳድጋ! እኔም ባሌ ሞቶብኝ ነው ያሳደግሁት። ለእኔ ማን ባል አመጣልኝ?» አሉና ጨርቁን በመዳፋቸው ደባበሱት። ከዚያ ለስለስ ብለው፣ «እጥፉን ሰፋ አድርጌ እቆርጥልሻለሁ። ልጅ ታድጋለች፤ ስታድግ ትለቂላታለሽ» አሉኝ።

መቀሱ ጨርቁን ሲጀምር መቅዲ ቀና አለች። ከባንኮኒው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጥቁር ጋውን የለበሰ ሰው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«እማዬ! ጋሽ ልዑል!»

መቀሱ ጨርቁ መካከል ቆመ።

ወይዘሮ አሰገደች አዩኝ። ከሻሼ ጀምረው እስከ አቧራማ ጫማዬ ድረስ፣ ቀስ ብለው። እኔ ስድቡን ጠበቅሁ። ከዚህ ውጪ እንዲሉኝ፣ ሰው እንዲሰበስቡብኝ፣ ልጄ ፊት እንዲያዋርዱኝ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠበቅሁ።

«ከስቷል» አሉ ብቻ።

መንገዱን ሁሉ ያቺ ቃል ደረቴ ላይ ተቀምጣ ተመለስኩ።

*

የካቲት ላይ የጣቢያዎች ሁሉ የዓመት ግምገማ ጅማ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የለቃሚዎቹ ተወካይ ሆና ፈድሊያም መጥታለች፤ የወለደችው ልጅ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ከጌራ የመጡት ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል፣ ከመካከላቸው እሱ አለ። እናቱ እውነታቸውን ነው። የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል።

አየኝ፣ አየሁት። ሁለታችንም ቶሎ ብለን ሌላ ቦታ አየን።

ተራዬ ሲደርስ ገበየሁ ቀደመኝ። «ዓምና ያነሣሁት ጥያቄ ተድበስብሶ ነው ያለፈው» አለ። «ወይዘሮ ብርሃንነሽ በጥር ወር ከአቶ ልዑልቃል እናት ሱቅ ስትወጣ ያየ ሰው አለ። ከልጇ ጋር! የሥራ ግንኙነት ብቻ ከሆነ አማቷ ቤት ምን አስኬዳት?»

አዳራሹ አጉረመረመ። የመቅዲ ልብስ የሚል መልስ ነበረኝ። እውነትም ነው። ግን ማን ያምነኛል?

አቶ ደበበ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ልዑልቃል፣ እርስዎ ይመልሱ።» እሱን «እርስዎ» ይሉታል፤ እኔን ሁልጊዜ «አንቺ» ነው የሚሉኝ።

ልዑልቃል ተነሣ። አንድ እጁን ኪሱ ከተተ። «እኔና ወይዘሮ ብርሃንነሽ …» ብሎ ጀመረና ቆመ። እንደገና ጀመረ። «በእኔና በእሷ መካከል …»

ያኔ ገባኝ። ይህ ሰው ሊክደኝ እየታገለ ነው። ለእኔ ብሎ፣ ለዚያች ወንበር ብሎ፣ ገመዱን ሁለተኛ ጊዜ በገዛ አንገቱ ሊያስገባ ነው። እኔም ባለፈው እንዳደረግሁት ቁጭ ብዬ ጫማዬን ካየሁ ቦታዬ ይተርፋል። ፈድሊያም ሥራዋ ይተርፋል። የመቅዲ ደብተር፣ እንጀራችን፣ የቤት ኪራዩ፣ ሁሉም ይተርፋል። እሱ ብቻ ነው የሚቀረው።

ጉልበቴ ሳያማክረኝ አነሣኝ።

«ዕድል ይሰጠኝ።»

«ተራሽን ጠብቂ» አሉ አቶ ደበበ። «ጥያቄው ለእሳቸው ነው።»

«ጥያቄው ስለ እኔ ነው። ግለ ሂስ ላድርግ።»

ግለ ሂስ አደርጋለሁ ያለን ሰው መከልከል አይቻልም። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እኔ ፈሪ ነኝ» አልኩ። «አቶ ልዑልቃል ዓምና እንደተናገረው ነው። ልጄ ስታስል እፈራለሁ። ሰማዩ ሲጠቁር ለቡናው እፈራለሁ። መኪና ሲዘገይ እፈራለሁ። አሁንም ይኸው እግሬ ይንቀጠቀጣል። አቶ ገበየሁ ለሚጠይቀው ግን መልሱን እኔ ልስጥ። አዎ፣ እወደዋለሁ። ከመሾሜ በፊት እወደው ነበር። ዘንድሮ ድምፁን ሳልሰማ፣ መልኩን ሳላይ ወደድኩት። ይህ ድክመት ከሆነ ጻፉብኝ። የየቡ ቡና ግን በፍቅር አልታጠበም፤ በውሃ ነው የታጠበው።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልጨረስኩም።

«እስከ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተሾማችሁ ወንዶች ሁሉ ማንን እንደምትወዱ ተጠይቃችኋል? እኔ ቡና መረከብ ያሳየኋችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ አውቃችኋለሁ። አንዳችሁንም ሚስትህ ማን ናት፣ ልጅህ ሲታመም ማን ይተካሃል ብሎ የጠየቃችሁ አልነበረም።»

«እልልልል!»

ፈድሊያ ናት። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን በርግጎ ጮኸ። አቶ ደበበ ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ሥነ ሥርዓት! ይህ ሠርግ አይደለም!»

«ገና ነዋ!» አለች ፈድሊያ ልጁን እያባበለች።

ሳቁ ሲበርድ አቶ ደበበ ፊታቸውን አጠቆሩ። «አቶ ልዑልቃል፣ እንግዲህ ዓምና የተናገሩት ውሸት ነው ማለት ነው።»

«ውሸት ነው» አለ። እጁን ከኪሱ አወጣ። እኔን እያየ ነበር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዓይኑን ሳያሸሽ። «በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የከፋው ውሸት ነው።»

«የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥዎታል። ወደ ዋናው ነገር ስንመለስ፣ የድርጅታችን ልማድ የታወቀ ነው። ሁለት ሠራተኞች ትዳር ሊይዙ ካሰቡ አንድ ሰው ይለቃል። ስለዚህ ወይዘሮ ብርሃንነሽ …»

ይኸው መጣ አልኩ በልቤ። ከነሐሴ ጀምሮ ሳየው የነበረው ነገር። ቁልፉን የማስረክብበትን ቀን፣ ገበየሁ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥበትን አቀማመጥ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ እለቃለሁ።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ልዑልቃል ነው።

«ምን አሉ?»

«ከሁለታችን የሚለቀው እኔ ነኝ፣ አቶ ደበበ። እሷ የጣቢያ ኃላፊ ናት፣ ጣቢያዋ ላይ ትቀመጥ። እኔን ካሻችሁ አሰናብቱኝ፣ ካሻችሁ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛውሩኝ።»

ከወንዶቹ መካከል ፉጨት ተሰማ። «ምን ዓይነት ወንድ ነው ለሴት ብሎ ሥራ የሚለቅ!» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ፣ «መቀነት ስጡት፣ ይታጠቅ!» ብሎ ጮኸ።

«ካማረብኝ እታጠቃለሁ» አለ ልዑልቃል። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ነው ያለው።

አቶ ደበበ ወረቀታቸውን አገላበጡ። ቴፒ በኩል አንድ የጥራት ባለሙያ ቦታ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ እንደኖረ ሁሉም ያውቃል። ርቀቱንና ወባውን ፈርቶ ሰው ሁሉ እምቢ ያለው ቦታ ነው። «ቴፒ ይሄዳሉ?»

«እሄዳለሁ።»

አልዘገየም። ውሳኔ ላይ የሚዘገይ ሰው ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱ ለአንዲት ትንፋሽ እንኳ አልዘገየም።

የእኔ ጉዳይ ለድምፅ ቀረበ። መጀመሪያ የወጡት የሴቶቹ እጆች ናቸው፣ ቡና ያጠቆራቸው ጣቶች። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ የወንዶቹ ተከተሉ። «ወይዘሮ ብርሃንነሽ በኃላፊነቷ ትቀጥላለች» አሉ አቶ ደበበ፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው። እኔ አልሰማኋቸውም ማለት ይቻላል። የምሰማው «ቴፒ» የሚለውን ብቻ ነው።

*

ግቢው ውስጥ ሰው እየወጣ፣ መኪናዎች እየተነሡ፣ እሱ መጥቶ ፊቴ ቆመ። የምንሸሸግበት ግራቪላ የለም። ፀሐይ ነው፣ ሰው ነው።

«አንቺ» አለኝ፣ ጮክ ብሎ። «ምን አስበሽ ነው እንዲህ ያደረግሽው?»

«አንተስ? ቴፒ ይባላል? ወባ አለ። እባብ አለ። ክረምት ሲሆን መንገዱ ይዘጋል፣ ብትታመም ማን ሰምቶ …»

«ብርሃኔ።»

«… ድልድዩ ቢወሰድስ? ደብዳቤ እንኳ …»

«ብርሃኔ፣ ገና አልሄድኩም።»

በቅርብ ሳየው ጺሙ ውስጥ ሽበት ጀምሮታል። ከነሐሴ በፊት አልነበረም።

«ያን ቀን ትፈራለች ያልኩት …» አለ። «ካልተቸኋት አያምኑኝም ብዬ ነው። ቆሜ ድክመትሽን ፈለግሁ። ሌላ አጣሁብሽ።»

ይህን ነው ያን ሁሉ ወር ቂም አድርጌ ያሳደርኩት። ልስቅ ነው ያልኩት፣ እንባ ሆነ።

«እናትህ አይተውኛል» አልኩት።

«ነግራኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ልጃገረድ አላነሣችም። ነጭ ጨርቅ ቀድዳ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለች። ለማን እንደሆነ ብጠይቃት ‹አያገባህም› አለችኝ።» እጁን ዘረጋና የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ትከሻዬ ላይ መለሰልኝ። ሰው እያየ። «ሽማግሌ ልላክ?»

ለክፉ ነገር ሁሉ መልስ አለኝ። ለሞት፣ ለስድብ፣ ለመባረር፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደምል ሌሊት ሌሊት ሳጠና ኖሬያለሁ። ለዚህች ጥያቄ ግን ያጠናሁት ምንም ነገር አልነበረኝም። ባዶ እጄን እንደ ሕፃን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ላክ» አልኩት።

የየቡ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። የጌራውም ተነሥቷል። ዕቃውን ሰብስቦ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቴፒ ይወርዳል፤ ሠርጉ ቡና በማይለቀምበት ጊዜ ይሆናል፣ ከዚያም በኋላ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነን። እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ እጁን አላወረደም፤ እኔም መስኮቱን አልለቀቅሁም።

ከኋላ ከፈድሊያ ጎን ተቀምጫለሁ። ሕፃኑን ጡት እያጠባች አየችኝ፣ ጉንጬን አየች።

«ኧረ ምን ሆነሻል? ወንበርሽ አለ፣ ሰውዬሽ አለ። አሁን ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ናፈቀኝ።»

«ያ አላህ! ገና መታጠፊያውን እንኳ አላለፍንም እኮ!»

ይህን ሁሉ ወር ናፍቆቴን እንደ ሌባ ዕቃ ከሰው ደብቄ ይዤ ኖሬያለሁ። ቀና አልኩና መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ አድርጌ፣

«ናፈቀኝ» አልኩ።